ፋብሪካው ወንዙን ሲበክል ማን ይጠየቃል? ስለ ኢትዮጵያ የብክለት ሕግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወንዝ ዳር የሚኖር ገበሬ፣ ከፋብሪካ አጥር ጎን ቤት የሠራ አባወራ፣ ሌሊቱን በጭፈራ ቤት ሙዚቃ እንቅልፍ ያጣች እናት፣ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። «ለማን ልናገር?» ይላሉ። የሚከተሉት መልሶች ለእነሱ የተጻፉ ናቸው። የሕግ ቋንቋውን በተቻለ መጠን አቅልዬዋለሁ። የአዋጅና የአንቀጽ ቁጥሮቹን ግን አልተውኳቸውም። አቤቱታ ላይ ሲጻፉ ጉልበት አላቸው።

ብክለትን የሚከለክል ሕግ በእርግጥ አለን?

አለን። ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ አለን።

ከላይ ያለው ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 44 ለእያንዳንዱ ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ይላል። ማስፈጸሚያ የሌለው መብት ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ስለዚህ በ1995 ዓ.ም. ሦስት አዋጆች ወጡ። አዋጅ ቁጥር 295 የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶችን ያቋቋመ ነው። ቁጥር 299 ማንኛውም ትልቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያመጣው ተፅዕኖ እንዲገመገም ያስገድዳል። ቁጥር 300 የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ነው። ይህን ገጽ ሲዘጉ አንድ ቁጥር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ 300/1995ን ያስታውሱ።

ከእነዚህ በኋላም ሌሎች መጥተዋል። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 አለ። የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ከአንቀጽ 519 እስከ 521 ስለ ብክለት፣ ስለ አደገኛ ቆሻሻና ስለ ተፅዕኖ ግምገማ ይናገራል።

ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ ሁሉ ሕገወጥ ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዋጁ የሚከለክለው ከተቀመጠው ደረጃ በላይ መልቀቅን ነው። ደረጃ ማለት እያንዳንዱ ዓይነት ፋብሪካ በአንድ ሊትር ፍሳሽ ውስጥ ምን ያህል መርዝ ቢለቅ ይፈቀድለታል የሚለው ልክ ነው። ለምሳሌ ቆዳ ለማልፋት ክሮሚየም የሚባል ማዕድን ይገባል። ለቆዳ ፋብሪካ የተቀመጠው ልክ በአጠቃላይ ክሮሚየም በሊትር 2 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ካለፈ ሕግ ተጥሷል።

ስለዚህ «ውሃው ጠቁሯል»፣ «ሽታው አላስቀምጥ አለን» የሚለው አቤቱታ ትክክል ቢሆንም ለማስቀጣት ብቻውን አይበቃም። ተለክቶ መታየት አለበት። መልካሙ ነገር፣ የመለካቱ ሥራ የእርስዎ ሳይሆን የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነው። የእርስዎ ሥራ መጥቶ እንዲለካ ማድረግ ነው።

ከፋብሪካው ሩቅ ነው የምኖረው። እኔን በቀጥታ አልነካኝም። ማመልከት እችላለሁ?

ይችላሉ። በዚህ ሕግ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው።

በተለመደው የፍትሐ ብሔር ክርክር ከሳሽ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «አንተ ምን አገባህ?» ተብሎ ነው። መብቱ ወይም ጥቅሙ መነካቱን ካላሳየ መዝገቡ ይዘጋል። አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ይህን ጥያቄ አንስቶታል። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ በማንም ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ጉዳቱ ገና ያልደረሰ፣ ሊደርስ ይችላል ተብሎ የሚሰጋበት ቢሆንም ይችላል። ተማሪ፣ ጡረተኛ፣ ዕድር፣ ማኅበር፣ ማንም።

ይህ ለእኛ አገር ወንዞች ትልቅ ትርጉም አለው። ወንዝ ወሰን አያውቅም። ትንሹና ትልቁ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ሞጆ ወንዝም በቆዳ ፋብሪካዎች አጠገብ አልፎ ወደ ቆቃ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ የተለቀቀውን የሚጠጡት የታችኛው ተፋሰስ ከብቶች ናቸው። በአቃቂ ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ተመልሶ ከተማው ገበያ ላይ ይሸጣል። በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ «የተጎዳው እገሌ ብቻ ነው» ማለት አይቻልም። ሕጉ በሩን ለሁሉም የከፈተው አውቆ ነው።

አቤቱታውን የት ላስገባ? ቀበሌ? ወረዳ?

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ አቤቱታ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

አንቀጽ 11 ሁለት ቦታ ብቻ ነው የሚጠራው። አንደኛው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ሁለተኛው የክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። አዲስ አበባ ላይ የከተማው አስተዳደር የራሱ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አለው። ሕጉ መሥሪያ ቤቱ ውሳኔ እንዲሰጥ ያስቀመጠው የ30 ቀን ቆጠራ የሚጀምረው ለእነዚህ ሲያመለክቱ ነው። ለቀበሌ ሊቀመንበር በቃል መናገር፣ ለወረዳ ደብዳቤ ማስገባት አይከፋም። ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚደርሱት እነሱ ናቸው። ቀኑ ግን በእነሱ አይቆጠርም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። አቤቱታውን ለክልሉ ወይም ለከተማው የአካባቢ መሥሪያ ቤት ያስገቡ። ግልባጭ ለወረዳው ይስጡ። ብክለቱ ከአንድ ክልል ወደ ሌላ የሚሻገር ከሆነ ወደ ፌዴራሉ ባለሥልጣን ይሂዱ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። ባለሥልጣን ነበር፣ በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር ሆነ፣ ቀጥሎ ኮሚሽን ተባለ፣ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263 እንደገና ባለሥልጣን ሆነ። በቆዩ ሰነዶች ላይ የተለያየ ስም ቢያዩ ግራ አይጋቡ። ሥልጣኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የመጣ ነው።

አቤቱታው ላይ ምን ልጻፍ?

ሐተታ አይጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል። ማን እንደበከለ፣ የት ቦታ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደታየ። «ሌሊት ሌሊት ይለቃሉ» ከማለት «ሰኞና ሐሙስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ከአጥሩ በስተምሥራቅ ባለው ቱቦ ቀይ ፍሳሽ ይለቀቃል» ማለት መቶ እጅ ይሻላል። ተቆጣጣሪው በዚያ ሰዓት፣ እዚያ ቱቦ ላይ ሊቆም ይችላላ!

ፎቶና ቪዲዮ ካለ አያይዙ። ቀኑና ሰዓቱ ይታወቅ። ጎረቤቶች ካሉ አብረው ይፈርሙ። ቡድን ሆኖ ማመልከት አንድን ሰው ለይቶ ከማስፈራራትም ይጠብቃል። ከዚያ የሚፈልጉትን በግልጽ ይጻፉ። ናሙና ይወሰድልን፣ ውጤቱ በጽሑፍ ይሰጠን፣ ፍሳሹ ይቁም፣ ወንዙ ይጽዳ። መጨረሻ ላይ «በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጠን» የሚል ዓረፍተ ነገር ያክሉ።

ሲያስገቡ መዝገብ ቤት ይሂዱ። በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማህተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ያስደርጉ። ያለዚህ ያቀረቡት አቤቱታ የለም ማለት ነው። በስልክ የተናገሩት፣ ለአንድ ኃላፊ ቢሮው ገብተው ያጫወቱት፣ ፍርድ ቤት ሲደርስ ምንም አይሆንልዎትም።

አንድ ወር አለፈ፣ መልስ የለም። አሁንስ?

አሁን ነው የሕጉ ሁለተኛ በር የሚከፈተው። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ወስኖ ውሳኔው ካላረካዎት፣ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። ለዚህ ያለዎት ጊዜ 60 ቀን ነው። የሚቆጠረውም ውሳኔው ከተሰጠበት፣ ወይም 30ው ቀን ካለቀበት ዕለት ጀምሮ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ነገር ይሄ ነው። ሰዎች መሥሪያ ቤቱን አክብረው፣ በትዕግሥት፣ «ነገ ና» ሲባሉ ነገ እየሄዱ ስድስት ወር ይጠብቃሉ። በዚህ መሀል 60ው ቀን ያልፋል። ጨዋነታቸው ራሱ መብታቸውን ይበላዋል። ስለዚህ አቤቱታ ያስገቡ ዕለት ሁለቱንም ቀኖች ካላንደር ላይ ምልክት ያድርጉ። መሥሪያ ቤቱን እየተመላለሱ መጠየቅ አይከለከልም፣ ቆጠራውን ግን አይርሱ። ቀኑ ካለፈና ብክለቱ ከቀጠለ አዲስ አቤቱታ በአዲስ ማስረጃ ያስገቡና ከመጀመሪያው ይጀምሩ።

ከፍርድ ቤት ጎን ለጎን ሌላም መንገድ አለ። የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራውን ሳይሠራ ሲቀር ቅሬታ ይቀበላል። ገንዘብ አያስከፍልም። ግን 60ውን ቀን አያቆምልዎትም።

ማንን ነው የምከሰው? መሥሪያ ቤቱን ወይስ ፋብሪካውን?

በካዩን። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የተነሳ አንድ የሲቪል ማኅበር የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን «ሥራህን አልሠራህም» ብሎ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከስሶ ነበር። ክሱ ውድቅ ሆነ። በእኔ እምነት ያ ሙከራ ትልቅ ዋጋ ነበረው፣ የሕግ ባለሙያዎችም እስከዛሬ ያነሱታል። ለእርስዎ የሚሰጠው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ቱቦው የማን እንደሆነ ይለዩና ባለቤቱን ይክሰሱ። የመሥሪያ ቤቱን ዝምታ ወይም ውሳኔ ራሱን ማስመርመር ከፈለጉ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አለ። እሱ የሚሠራው በፌዴራል ተቋማት ላይ ነው፣ ጠበቃም ይፈልጋል።

ከወንዙ በላስቲክ ጠርሙስ ናሙና ብወስድ ማስረጃ ይሆናል?

ለማነሳሳት ይጠቅማል፣ ለማሸነፍ አይተማመኑበት። ተከሳሹ «ከየት እንደቀዳው ማን ያውቃል?» ማለቱ አይቀርም። ጠርሙሱ ንጹሕ ነበር ወይ? ስንት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆየ? ማን ነካው? መልስ ያጣሉ።

ክብደት ያለው የአካባቢ ተቆጣጣሪው የወሰደው ናሙና ነው። አዋጁ ለተቆጣጣሪ ሰፊ ሥልጣን ሰጥቶታል። ቀድሞ ሳያሳውቅ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዝ፣ ግቢ ገብቶ መመርመር፣ መጠየቅ፣ ናሙና መውሰድ ይችላል። እሱን ማደናቀፍ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ስለዚህ «ቀጠሮ አስይዘን እንሄዳለን» ካሏችሁ፣ ሕጉ ቀጠሮ እንደማይጠይቅ በትሕትና አስታውሷቸው። ቀጠሮ የተሰጠው ፋብሪካ የዚያን ዕለት ቱቦው ንጹሕ ሆኖ ነው የሚጠብቀው።

የላቦራቶሪውን ውጤት የማየት መብት አለዎት። የመገናኛ ብዙኃን ነጻነትና የመረጃ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ለመጠየቅ መሠረት ይሆንዎታል። ይህንንም በጽሑፍ፣ በማህተም ያድርጉት።

ፋብሪካው «የተፅዕኖ ግምገማ አሠርቼ ፈቃድ አግኝቻለሁ» ይላል። በቃ ማለት ነው?

ፈቃድ ማግኘት ለመበከል መብት አይሰጥም። የተፅዕኖ ግምገማ ማለት ሥራው ሳይጀመር በፊት የቀረበ ጥናት ነው። ጥናቱ ውስጥ ባለሀብቱ «ማጣሪያ እተክላለሁ፣ ዝቃጩን እንዲህ አስወግዳለሁ» ብሎ ቃል ገብቷል። ጥያቄው ያንን ቃል ፈጽሟል ወይ ነው። ማጣሪያው ተተክሎ ማብሪያው የማይነካ ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ተብሎ ሌሊት የሚዘጋ ከሆነ፣ ወረቀቱ አያድነውም።

የግምገማው ሰነድ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። የተፅዕኖ ግምገማ አዋጁ (ቁጥር 299) ሕዝቡ፣ በተለይም ተፅዕኖው የሚደርስባቸው ነዋሪዎች፣ አስተያየት እንዲሰጡ ያዛል። ሰነዱን ይጠይቁና የገባውን ቃል አንድ በአንድ ከሚያዩት ጋር ያስተያዩ። ለአቤቱታ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፣ ባለሀብቱ ራሱ የጻፈው ነውና።

አንድ የቆየ ድክመት መናገር አለብኝ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የግምገማ ሰነዶችን የመመርመሩ ሥራ ለዘርፍ ሚኒስቴሮች በውክልና ተሰጥቶ ነበር። ማዕድን እንዲስፋፋ የሚሠራው ሚኒስቴር የማዕድን ሰነድ ገምጋሚ፣ ኢንዱስትሪ የሚያስፋፋው የኢንዱስትሪ ሰነድ ገምጋሚ ሆነ። ባለጉዳዩ ራሱ ዳኛ ሲሆን ውጤቱ ምን እንደሚሆን ለማንም ግልጽ ነው። በዚያ ዘመን የተሰጡ ፈቃዶች ሲገጥሙዎት ሰነዱን ጠንቀቅ ብለው ያንብቡ።

ፋብሪካ ሊዘጋ ይችላል? ሠራተኞቹስ ምን ይሆናሉ?

ሊዘጋ ይችላል። አዋጅ 300 ለሰው ጤና ወይም ለአካባቢ አደጋ የሆነን ድርጅት እስከ መዝጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ እስከ ማዛወር የሚደርስ እርምጃ ይፈቅዳል። በ2010 ዓ.ም. በጉጂ የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን ፈቃድ የታገደው የአካባቢው ሕዝብ በጤናችን ላይ ጉዳት ደረሰ ብሎ ተቃውሞ ካሰማ በኋላ ነው።

ሥራስ? ይህ ጥያቄ የደሃ አገር ትክክለኛ ጭንቀት ነው፣ ንቄ አላልፈውም። አምስት መቶ ሰው የሚያስተዳድር ፋብሪካ ሲዘጋ አምስት መቶ ቤት ይራባል። ነገር ግን ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ተዛብቶ ነው። «ወይ ሥራ፣ ወይ ንጹሕ ውሃ» ይሉናል። ሕጉ እንዲህ አይልም። መዝጋት የመጨረሻው እርምጃ ነው። ከዚያ በፊት ማጣሪያ እንዲተከል ማዘዝ አለ፣ የተበከለውን በራሱ ወጪ እንዲያጸዳ ማድረግ አለ። ብክለትን ለመቆጣጠር ከውጭ የሚገባ መሣሪያ ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ እንዲሆንም አዋጁ ይፈቅዳል። መንግሥት ባለሀብቱን «አጽዳ» ብቻ አላለውም፣ መንገዱንም አቅልሎለታል።

እንደሚቻልም አይተናል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ ተጣርቶ ተመልሶ ጥቅም ላይ እንዲውል፣ ወደ ውጭ እንዳይለቀቅ ሆኖ ነው የታቀደው። ምክንያት ነበረው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። አንዴ የገባበት ኬሚካል ወደ የትም አይሄድም።

ደግሞም በሌላ በኩል ያለውን ሥራ ማንም አይቆጥረውም። ዓሣ አጥማጁ፣ አትክልት አምራቹ፣ ወተት ሻጩ ወንዙ ሲሞት ሥራቸውን ያጣሉ። እነሱን የሚቀጥር ድርጅት ስለሌለ ከሥራ መፈናቀላቸውን የሚያውጅ የለም።

ቅጣቱ ስንት ነው?

በ1995 አዋጅ የተለየ ቅጣት ላልተቀመጠለት ጥፋት ግለሰብ ከ5,000 እስከ 10,000 ብር፣ ድርጅት ከ10,000 እስከ 20,000 ብር ይቀጣል። ሲወጣ ትንሽ አልነበረም። ዛሬ ግን 20,000 ብር ለአንድ ትልቅ ፋብሪካ ምን እንደሆነ ያውቁታል። ማጣሪያ ከማሠራት መቀጣት ሲረክስ ሕጉ ጥርሱ ይወልቃል። ይህ መስተካከል ያለበት ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ዛሬ ነገ የሚባልበትም አይመስለኝም።

እስከዚያው ግን አቤቱታዎን በገንዘብ ቅጣቱ ላይ አይመሥርቱ። የሚያስፈሩት ሌሎቹ ናቸው። የጽዳቱን ወጪ ማስከፈል፣ ማሳገድ፣ የኃላፊው በግል መጠየቅ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 519 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በሰው ጤና ወይም ሕይወት ወይም በአካባቢው ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። ለወንጀሉ ወደ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ነው የሚሄዱት።

ከብቶቼ ውሃውን ጠጥተው ሞቱ። ካሳ አገኛለሁ?

ካሳ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ለአቤቱታ ጉዳትዎን ማሳየት አያስፈልግም ብለን ነበር፣ ለካሳ ግን ያስፈልጋል። የሞተው የእርስዎ ከብት መሆኑን፣ የሞተበትን ምክንያት፣ ዋጋውን ማስረዳት አለብዎት። ከብት ሲሞት ከመቅበርዎ በፊት የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ይጥሩና የጽሑፍ ማስረጃ ያሠሩ። አትክልት ከደረቀ የግብርና ባለሙያ አይቶ ይፈርም።

መሠረትዎ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። የጊዜ ገደብ አለው፣ ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት። «ሽማግሌ ይዘውታል፣ ፋብሪካው ሊክስ ነው» እየተባለ ሁለት ዓመት በቀላሉ ያልቃል። ሽምግልናው ይቀጥል፣ ክሱ ግን ቀኑ ሳያልፍ ይከፈት።

ክስ የሚከፍቱበት ገንዘብ ከሌለዎት በደሃ ደንብ ያለ ዳኝነት ክፍያ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። የበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፣ ይጠይቋቸው።

የጭፈራ ቤት፣ የወፍጮ ቤት፣ የጄኔሬተር ድምፅ እንቅልፍ ነሳን። ይህም ብክለት ነው?

ነው። ድምፅም ደረጃ አለው፣ የሚለካውም ዴሲቤል በሚባል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው። በመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው ጣሪያው። በንግድ አካባቢ 65 እና 55፣ በኢንዱስትሪ አካባቢ 75 እና 70 ነው። ግሮሰሪም፣ ብረታ ብረት ቤትም፣ ላቫጆም ይህን ማክበር አለባቸው። ለቤተ እምነት ድምፅ ማጉያም ልኩ አይቀየርም። እዚያ ላይ ግን መጀመሪያ በሽማግሌ መነጋገሩን እመክራለሁ፣ ብዙ ጊዜ ድምፅ ማጉያውን አቅጣጫ በማስቀየር ብቻ ያልቃል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225ም ይረዳዎታል። ባለይዞታ የሆነ ሰው በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅ ወይም በንዝረት ጎረቤቱን ከመልካም ጉርብትና ልክ በላይ ማስቸገር የለበትም ይላል። ለዚህ ዴሲቤል መለኪያ አያስፈልግም። ጎረቤት ይመሰክራል።

የመኪና ጭስስ?

ከፋብሪካ ይልቅ ለተራ ሰው አቤቱታ የማይመች ነው፣ በካዩ አልፎ ሄዷልና። ቁጥጥሩ የሚሠራው በዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራና በገቢ መኪኖች ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ የዚሁ አካል ሊባል ይችላል። ዋናው ምክንያት ግን የነዳጅ ወጪ ነበር።

ፌስታል ተከልክሏል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው። ቀድሞም በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል ተከልክሎ ነበር። ሱቅ ላይ ውፍረት የሚለካ ግን አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረት ከመለካት ወጥቶ ፌስታልን ራሱን ከለከለ።

ስለ ደረቅ ቆሻሻ ሲነሳ ቆሼን ሳላነሳ አላልፍም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የረጲው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ እዚያው ክምሩ ሥር የሚኖሩ፣ ከቆሻሻው ለቅመው የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጁ ያኔ ከወጣ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። ሰፈርዎ ውስጥ ሕገወጥ የቆሻሻ ክምር ሲጀመር፣ ገና ትንሽ ሳለ፣ አቤቱታ ያስገቡ። ቆሻሻን በአግባቡ መሰብሰብና ማስወገድ በአዋጅ 300 አንቀጽ 5 የከተማ አስተዳደር ግዴታ ነው።

ሕጎቹን የት አገኛቸዋለሁ?

አዋጆቹና ደንቦቹ የታተሙት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ይሸጣል፣ ኢንተርኔት ላይም ይገኛሉ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የታተሙ ናቸው፣ ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ደረጃዎቹን ከአካባቢ መሥሪያ ቤቱ ይጠይቁ። አቤቱታ ከማስገባትዎ በፊት የያዙት አዋጅ አለመሻሻሉን ወይም በሌላ አለመተካቱን ያረጋግጡ፣ በተለይ የቅጣት መጠኖቹን።